ያልደረቀው በር

ስለ ራሴ ማውራት አይሆንልኝም። ግን ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጠንቃቃ ሴት ነኝ። የጆሃንስበርግን ጥንቃቄ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ እዚህ ከተማ የገባ ሁሉ ቦርሳውን በብብቱ ወትፎ በሳምንቱ ይማረዋል። የእኔ አብሮኝ የተወለደ ነው። እንቁላል ስገዛ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አነቃንቃለሁ። ቤቴን ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ ወጥቼ እጀታውን እስባለሁ፤ ዳግመኛ ስወርድ ደግሞ የሳብኩት የእኛን በር ነው ወይስ የጎረቤትን ብዬ መሀል ደረጃ ላይ እቆማለሁ። ባለቤቴ "አንቺ እኮ ለመንግሥተ ሰማያት ብትበቂም ቅዱስ ጴጥሮስን መጀመሪያ ቁልፉን አሳየኝ ትይዋለሽ" ይለኛል። መድኃኔዓለም ይቅር ይበለው። ግን ቁልፉን ማየት ምን ክፋት አለው?

እንግዲህ እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው አገር፣ በሰው ትምህርት ቤት... ቆይ። ከስሩ ልጀምር።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሶስና ትባላለች። ቀደም ሲል ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበረን፤ ስፓዛ የሚሉት፣ ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌቦች ገቡብን። በአባቷ ላይ መሣሪያ ሲደግኑ ልጄ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና "ቱላ" አላት። በዙሉ ቋንቋ ዝም በይ ማለት ነው። እነሱ የሚወስዱትን ወስደው ሄዱ። እኛም ነፍሳችን ስለተረፈች ፈጣሪን አመስግነን፣ ሱቁን ዘግተን መሀል ከተማ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ገባን። ትእዛዙ ግን ከልጄ ጋር ቀረ።

ቤት ውስጥ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ለመተኛት ሰዓት ትከራከራለች። ደጃፉን ስትሻገር ግን አፏ ይዘጋል። ለጎረቤት የለ፣ ለአውቶቡስ የለ፣ ለአስተማሪ የለ። ትምህርት ቤቷ ትልቅ ነው፤ ልጁ በየግቢው እንደ ጤፍ የፈሰሰበት። አስተማሪዋን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር "በጣም ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምጿ እንኳ አይሰማም!" ትለኛለች፣ እየመረቀችኝ። እኔ ድምጿ አይሰማም ብዬ ልከስ እሄዳለሁ፤ እሷ ድምጿ አይሰማም ብላ ሸልማ ትመልሰኛለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የሰባት ዓመት ልጅ ወርቅ ምን ያደርግላታል?

በዚህ መሀል ነው ከእኛ ሰፈር በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንዲት ትንሽ የአንግሊካን ትምህርት ቤት መኖሯን የሰማሁት። አንግሊካን ማለት የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ናት። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ አስተማሪዎቹ ሁሉንም በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ አሉ። ልጅ ሊያስገቡ የሚያስቡ ወላጆች መጥተው እንዲያዩ ደግሞ አንድ ቅዳሜ በሯን ትከፍታለች።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝና መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነው።

"አባ፣ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?"

"ምን ልትማር ነው ልጅቷ?"

"ንባብና ሒሳብ።"

"ሁለትና ሁለት በእነሱ ዘንድ ስንት ነው?"

"አራት ነው፣ አባ።"

"በእኛም አራት ነው። ሂጂ።"

ደጃቸውን ስለ መሳለም ግን አልጠየቅኋቸውም። ማን ይጠይቃል? እግር መራመድን፣ ከንፈር የቤተ ክርስቲያንን ደጅ መሳምን አስፈቅዶ አያውቅም።

ወሬው ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹ ዘንድ ደረሰ። ልጅ ያላት ሁሉ ትምህርት ቤት ትፈልጋለች፤ ሄዶ ለማየት ግን አንዷ ሥራ አለባት፣ አንዷ እንግሊዝኛው ያስፈራታል። እናም እኔን ወከሉኝ። የሁላችን ታላቅ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እጄን ያዙና መመሪያ ሰጡኝ።

"አንቺ ዓይንሽ አይስትም። ሄደሽ እይልን። በሳሎኑ አትታለዪ፣ ሳሎን ለእንግዳ ይታጠባል። መጸዳጃ ቤቱን እዪ። ሰውየውን በጫማው፣ ቤቱን በመጸዳጃው ነው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"በጾም ቀን ሥጋ ያበሉብን እንደሆነ ጠይቂ። ጆሮሽን ክፈቺ፣ ቦርሳሽን ዝጊ።"

አደራ ከባድ ነው። የብዙ እናት ዓይን ተሸክሜ ሄድኩ። በልቤ ግን የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። እዚህ ቤት ልጄ ዝም ብትል፣ ዝምታዋን የሚሰማ ሰው አለ?

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ፣ ሶስናንም ትንሿን ነጠላዋን አልብሼ ኮረብታውን ወጣን። ግቢው ገና ከበሩ ደስ ይላል። የጃካራንዳው አበባ መሬቱን ሐምራዊ አድርጎታል። የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ጎበኘው። "አድሰውታል፣ ለእንግዳ ተጠንቅቀዋል" አልኩና በልቤ አንድ ነጥብ ሰጠኋቸው። ልብ በሉ፤ ሽታው ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም። ነጥቡን ሰጥቼ አለፍኩ።

ከግቢው መግቢያ አጠገብ ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች። ሰማያዊ የእንጨት በር፣ በላዩ መስቀል። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አየሁት። ግን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ምንድን ነው? ወይ የቅዳሴ ሰዓት ነው፣ ወይ የሠርግ ማስታወቂያ። የሚያገባ ዘመድ እዚያ የለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አማትቤ፣ ግንባሬን አስነክቼ፣ አፍንጫዬ እስኪደፈጠጥ በፍጹም ልቤ ተሳለምኩ። ስለ ልጄ ስለለመንኩ ትንሽ ቆየት ብያለሁ። ሶስናም እንዳስተማርኳት ከጎኔ፣ ከወገቤ ትይዩ፣ ተሳለመች።

ቀና ብዬ ሳበቃ አንዲት ሴት "ልጆች በዚህ፣ ወላጆች በዚያ!" እያለች ታስተናብራለች። ሶስና ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ። አፏን በነጠላዋ ሸፍና አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ ግን ደጅ ነን፣ ደጅ ደግሞ አትናገርም። መለየት ፈራች ብዬ "አይዞሽ የኔ እናት፣ አልርቅም" አልኳት። እየተገላመጠች ከልጆቹ ጋር ሄደች።

ጉብኝቱ ተጀመረ። ርእሰ መምህርቷ ቁመተ ረጅም፣ ሽበታም፣ አንገታቸው ላይ የብር መስቀል ያሰሩ ሴት ናቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዘረጉና ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቀረ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ማማ። እንዴት ያምራል! የእምነታችሁ ነው?"

ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግሁ። "አዎ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናደርገዋለን።"

"ለበዓል ብቻ ነው ወይስ ዘወትር?"

"ዘወትር። በሐዘን ጊዜ ግን አደራረጉ ይለያል።"

"በሐዘንም!" አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ወንዶችስ?"

"ወንዶችም ያደርጋሉ። እነሱ ግን መስቀለኛ ነው።"

"ትንሿም አድርጋለች፣ አየኋት።"

"ከክርስትናዋ ጀምሮ ነው ያስለመድኳት።"

ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይታጠባል?" አሉኝ።

ይሄን ጊዜ ትንሽ ቅር አለኝ። ንጹሕ አይደለሁም ማለታቸው ነው? "እንዴታ!" አልኩ። "በየሳምንቱ። በእጅ ብቻ፤ ማሽን ያበላሸዋል።"

"ማሽን" ብለው ደገሙት፣ በጣም በቀስታ።

ከወላጆቹ መካከል አንድ መነጽር ያደረጉ አባት ቀረብ ብለው፣ "አያሳክክም?" አሉኝ። "አዲስ ሲሆን ትንሽ ይቆረቁራል፤ ሲቆይ ይለሰልሳል" አልኳቸው። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ የት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። ጄፒ ሰፈር፣ የእኛ ሰዎች ሱቅ፣ በየቀለሙ አለ አልኳት። በመጨረሻ ርእሰ መምህርቷ፣ "በባህል ቀናችን መጥተው ለልጆቹ ሁሉ ቢያደርጉላቸው እንዴት ደስ ይለናል!" አሉ። እኔም ልቤ ሞቆ ለአስተማሪዎቹም ጭምር አመጣለሁ፣ ለእርስዎማ ወርቃማውን ነው የምመርጥልዎ አልኩ። ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደው አመሰገኑኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንባዬ መጣ። እዚህ አገር የስደተኛን ፊት ማንም አያይም። እጁን ያያሉ፣ ወረቀቱን ያያሉ፣ ከኋላው ያለውን የሱቅ መደርደሪያ ያያሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ያገኘኝ ሁሉ ፊቴን ያያል። አይቶም ፈገግ ይላል። ቤተ መጻሕፍቱን አሳዩን፣ የአትክልት ቦታውን አሳዩን፤ እኔ ግን ልቤ ጨርሷል። የተከበርኩበት ቤት ነው፤ ልጄም ትከበርበታለች።

ቢሆንም አደራ አደራ ነው። "መጸዳጃ ቤቱን ማየት እችላለሁ?" አልኩ። ርእሰ መምህርቷ በዚህ ጥያቄ ምንኛ ደስ አላቸው! "በእርግጥ! ሳሙናም አለ፣ ፎጣም አለ" እያሉ ራሳቸው መንገዱን አሳዩኝ።

ንጹሕ ነው። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ይወርዳል። በሮቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩ ከፈትኩ። መስታወቱ ለልጆች ቁመት ዝቅ ተደርጎ ተሰቅሏል። ይሄንንም መልካም ነው ብዬ፣ ልጅ ሆኜ ልየው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ዓይን ሁሉን ያያል፤ የተሰካበትን ፊት ግን አያይም።

ግንባሬ ላይ የመዳፍ ያህል ሰማያዊ። አፍንጫዬ ጫፉ ሰማያዊ። ከንፈሬ ከላይም ከታችም፣ ሰማያዊ የበላ ሰው ከንፈር። የበሩ ሰማያዊ! ያ ወረቀት፣ የሠርግ ማስታወቂያ ያልኩት፣ አሁን ከነፊደሉ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ "ቀለሙ አልደረቀም" ይል ነበር። እንቁላል የምታነቃንቀው ሴት!

ከዚያ የተናገርኩት ሁሉ አንድ በአንድ እየተመለሰ መጣብኝ። "በየሳምንቱ እናጥበዋለን።" ፊታችንን። "ወንዶችም መስቀለኛ ያደርጉታል።" "ማሽን ያበላሸዋል።" ለአስተማሪዎቹ ጭምር ላመጣ ቃል የገባሁት! የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ሳቅ መጣብኝ፣ ዋጥኩት። ከሳቁ ስር ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ እሱ አልዋጥ አለኝ።

ያን ሁሉ ክፍል ዞሬያለሁ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው አይቶኛል። "ማማ፣ ፊትሽን ቀለም ነክቶታል" ያለኝ አንድ ሰው የለም። ጨዋዎች ናቸው፤ ጨዋነታቸው አፋቸውን ይዞታል። እንግዲህ አፏ የተቀባችን ትልቅ ሴት አይተው ዝም ያሉ ሰዎች፣ አፏ የተዘጋን ትንሽ ልጅ አይተው ምን ይላሉ? ያው "ጨዋ ልጅ ናት" ነዋ የሚሉት። ነጥቦቼን ሁሉ እዚያው መታጠቢያው ላይ መለስኩ። ልጄን ይዤ ልሄድ ወሰንኩ።

ልጄ! እሷም ተሳልማለች!

ነጠላዬን ፊቴ ላይ አጣፍቼ እየሮጥኩ የትንንሾቹ ክፍል ደረስኩ። ሌሎቹ ልጆች ምንጣፍ ላይ እንጨት ይደረድራሉ። ሶስና መስኮቱ ስር ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አንዲት ወፈር ያለች አስተማሪ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ በጥጥና በምግብ ዘይት አፏን ትጠርግላታለች። ማም ታንዲ ይሏታል፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። እኔን ስታይ ነጠላውን በአንድ እጇ ገለጥ አደረገችና፣ "ሃይቦ! እውነቷን ነው!" አለች። እዚህ አገር ሰው ሲደነቅ እንዲህ ይላል።

"ምኑ ነው እውነቷ?" አልኩ።

"ማማ፣ ነይ ቁጭ በይ። ያንቺ ይብሳል፤ ዘይቱም አይበቃንም።" ወንበሩ የሕፃን ነው፤ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ጥጡን እየነከረች ግንባሬን ትፈትግ ጀመር። "ስትገባ አፏን ሸፍና ነበር። ምን ሆንሽ፣ የኔ ቆንጆ? አልኳት። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅኋት፤ የለም። እንዳልሰማች ሳይሆን እንደተከለከለች ነው የምታየኝ። ከዚያ በጣቴ ከከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም ጠረግሁና ጣቴን አሳየኋት። አየችው። ተነሥታ እጄን ይዛ እየጎተተች ወጣች።"

"ወዴት?"

"ወደ ጸሎት ቤቱ በር ነዋ! ሁለት ምልክት አለ፤ አንድ ታች፣ አንድ ላይ። የታቹን አሳየችኝና ራሷን ነካች። የላዩስ የማን ነው? አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። እኔም አልቸኮልኩም፣ አብሬያት ቆምኩ። ከዚያ፣ 'የእማዬ ነው። እሷ አታውቅም። ንገሪያት' አለችኝ።"

"አለችሽ?" አልኩ። "በአፏ?"

"በአፏ። በሰማያዊ አፏ።"

ሶስናን አየኋት። ጫማዋን ታያለች። እኔ ስንት ጊዜ ለምኛት፣ ስንት ሱባኤ ገብቼላት ያልወጣ ድምፅ፣ እናቷ ፊቷን ቀለም ቀብታ በሰው መሀል ስትዞር አላስቻለውም።

ማም ታንዲ ጥጡን አስቀመጠች። ልጆቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ቀረብ ብላ፣ "መቼ ነው ዝም ያለችው?" አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ጥያቄ እስከዚያች ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጨዋ ናት ያሉኝ ብዙ ናቸው። መቼ ነው ዝም ያለችው ያለኝ ሰው ግን እጇ ዘይት በዘይት የሆነ፣ ጉልበቷ ምንጣፍ ላይ ያለ፣ ልጄን ካወቀች ገና ጠዋቱ ያላለፈ ሴት ናት። የዲፕስሉቱን ነገርኳት፤ ስለ ጣቱ፣ ስለ "ቱላ"። እሷ ቃሉን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ የእናቷ ቋንቋ ነው። ዓይኗን ጨፈነች። "በእኔ ቋንቋ" ብቻ አለች። ዘይቱን አንሥታ አፍንጫዬን መጥረግ ቀጠለች።

በኋላ ለርእሰ መምህርቷ እውነቱን ነገርኳቸው። ጠረጴዛቸውን ይዘው ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ቀልተው ይቅርታ ጠየቁኝ። "እኛ በጾማችን መግቢያ ግንባራችንን አመድ እንቀባለን" አሉ። "የእናንተ ሰማያዊ መስሎኝ ነው። እንዳላስቀይምዎ ፈርቼ።" ምን ልበላቸው? እኔም እኮ ሰው ላለማስቀየም ብዬ ስንቱን ዝም ብዬ አልፌያለሁ። "ለባህል ቀን እመጣለሁ" አልኳቸው። "ነጠላውን ይዤ።"

እሑድ እናቶቹ ከበቡኝ። አልጠራ ያለ ሰማያዊ ቅንድቤ ውስጥ ቀርቶ ነበርና እትዬ አስካለ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ትምህርት ቤቱ ነው፣ እትዬ።"

"መጸዳጃ ቤቱስ?"

"ንጹሕ ነው። መስታወትም አለው።"

"ታዲያ ልጅ ይሰጣቸዋል?"

"ስለ ሌላው አላውቅም" አልኩ። "ማም ታንዲ ላለችበት ክፍል ግን ይሰጣል።" እትዬ አስካለ ይሄን ለሦስት የልጅ ልጅ የሚበቃ መልስ አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሄደው ራሳቸው ያዩታል፤ በሩን እንዳይስሙ ግን አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ጥር ላይ ትምህርት ሲከፈት ሶስናን አዲሱን ዩኒፎርሟን አልብሼ ወሰድኳት። ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። ጸሎት ቤቷ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። በሩን እንደገና ቀብተውታል፤ ምልክታችን የለም። አማተብኩ። ግን ተምሬያለሁና አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ግራ ቀኙን ለወረቀት ፈተሽኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ከዚያ የትንሿን ጣቴን ጫፍ ሰድጄ ከታች ነካ አደረግሁና ለብርሃን አነሣሁት። እንደገና ልነካ ስል ከጎኔ አንድ ድምፅ ተነሣ፤ ከፍ ያለ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ፣ ግቢውን ሁሉ ዞር ያደረገ።

"እማዬ! ደርቋል እኮ! ሳሚው በቃ!"

ሳምኩት።